አሥራ አራት ሰው በአራት ሜትር

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ሰኔ 15
ቦታ፦ ስቱዲዮአችን፣ የፎቶ ማንሻው ክፍል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡20 (የተጠራው ለ8፡00 ነበር)

ቃለ ጉባኤውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጻፍ፤ እዚህ ቦታ ላይ መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነ ግን አላውቅም። ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል የተከራከሩበትን ጉዳይ መልሱን የማውቅ ይመስለኛል። ይመስለኛል ያልኩት ፈርቼ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አልተናገርኩም። ጸሐፊ ስለሆንኩ የመምረጥ መብት የለኝም፤ ቢኖረኝም ሰው በተሰበሰበበት አፌ አይላቀቅም። ለምን ዝም እንዳልኩ ቦታው ሲደርስ እጽፋለሁ።

የተገኙ፦

1. ሰብሳቢ፦ አባዬ፣ የስቱዲዮው ባለቤትና ፎቶ አንሺ። (አጎቴ «በቃለ ጉባኤ ላይ አባዬ አይባልም» ብሎኛል። ከዚህ በኋላ «ሰብሳቢው» እላለሁ።)

2. ምክትል ሰብሳቢ፦ አክስቴ፣ የሰብሳቢው ታላቅ እህት። የታተመውን ፎቶ በመቁረጫ ዳር ዳሩን የምታስተካክለው እሷ ናት።

3. የቴክኒክ ኃላፊ፦ አጎቴ፣ የሁለቱም ታናሽ። አዲሱን ካሜራ የመረጠው እሱ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ሚሊሜትር» ይለዋል፤ ሻይ ሲቀዳለት እንኳ ስንት ሚሊሜትር እንደጎደለ ይናገራል።

4. ታዛቢ፦ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው። የተጠሩት ግድግዳ ስለምንጋራ ነው።

5. ባለጉዳይ፦ ጡረታ የወጡት አስተማሪ። ሁላችንም «ቲቸር» እንላቸዋለን። ሰብሳቢውን ክፍልፋይ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

6. ጸሐፊ፦ እኔ፣ የሰብሳቢው ልጅ። የተመረጥኩት ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው።

ያልተገኙ፦ እማዬ። አባል አይደለችም። እንድትገኝ ስትጠየቅ «እናንተ ተሰብሰቡ፣ እኔ ሥራ አለኝ» ብላለች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሦስቱም አባላት ስለተገኙ ተሟልቷል። ያልተሟላው ወንበር ነው፤ የቴክኒክ ኃላፊው በተገለበጠ የፍላሽ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል።

አጀንዳዎች፦ አንደኛ፣ የቲቸር ቤተሰብ ፎቶ ሁለት ዳሮቹ ስለመጥፋታቸው። ሁለተኛ፣ አዲሱ ካሜራ የአሮጌውን ያህል የማያየው ለምን እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ነገ ጠዋት ምን እንደሚደረግ። አራተኛ፣ ልዩ ልዩ።

አጀንዳ አንድ

ቲቸር ሐሙስ ዕለት የተነሱትን የቤተሰብ ፎቶ ከፖስታው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። መታየት የነበረበት አሥራ አራት ሰው ሲሆን የሚታየው አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድ ጆሮና አንድ የእጅ ቦርሳ መሆኑን አስረዱ። ጆሮው የአማቻቸው ነው። ቦርሳው የታላቅ እህታቸው ነው። ቀጥሎ ያለው በጠየቁት መሠረት ቃል በቃል ተይዟል፦

«ስለ አማቼ ግድ የለም፣ ጆሮውም ይበቃል። እህቴ ግን ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዛ የመጣችው ቦርሳዋን ልታስነሳ አይደለም።»

ቤተሰቡ እንዲህ ሁሉም ተሟልቶ ሲገናኝ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑን፣ እህታቸው ነገ ከሰዓት በኋላ እንደሚመለሱ፣ በዕድሜያቸውም ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ሊጠብቁ እንደማይችሉ ገለጹ። ስለዚህ የቀረው ነገ ጠዋት ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታ እየጠየቁም ወደ ምክትል ሰብሳቢዋ መቁረጫ ዞር ብለው አዩ። ምክትል ሰብሳቢዋ፣ «ምን አየኸኝ? ሠላሳ ዓመት ወረቀት ስቆርጥ የማንን ጆሮ ቆርጬ ነው እንዲህ የምታየኝ?» አሉ። የቴክኒክ ኃላፊው፣ ጆሮው የተቆረጠው ሳይሆን የተረፈው መሆኑን አሳሰቡ። «አንተ ደግሞ ዝም በል፣ ይሄን ጉድ ተሸክመህ የመጣኸው አንተ ነህ» ተብለዋል።

ጉዳዩ እንዲጣራ ታዛቢው አንገታቸው ላይ ባለው ሜትር ፎቶውን ለኩት። ወርዱ ሙሉ ሆኖ ተገኘ።

ውሳኔ 1፦ ከረጅም ውይይት በኋላ መቁረጫው ከጥርጣሬ ነጻ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ምክትል ሰብሳቢዋ ውሳኔው በትልቁ እንዲጻፍ ስለጠየቁ በድጋሚ፦ መቁረጫው ነጻ ነው።

ከዚህ በኋላ ቲቸር ሰብሳቢውን፣ «አንተ ልጅ፣ ስታነሳን አላየኸንም?» ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢው፣ «አይቻችኋለሁ እንጂ ቲቸር። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየኋችሁ» አሉ።

«በካሜራውስ?»

«እናንተን አይቻለሁ፤ ፎቶውን ነው ያላየሁት።»

የቤታችንን አሠራር ለማያውቅ ሰው ይህን መግለጽ ያስፈልጋል። ወለሉ ላይ በቀይ ቀለም የተሳሉ ሁለት የጫማ ዱካዎች አሉ። ስቱዲዮውን የከፈተው አያቴ የገዛ ጫማውን አስቀምጦ ዙሪያውን በብሩሽ የሳላቸው ናቸው። ከዱካዎቹ እስከ አግዳሚ ወንበሩ ልክ አራት ሜትር ነው፤ አምሳ ሚሊሜትሩ ሌንስ ከዚያ ቦታ ሆኖ አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር ይይዛል። ካሜራው እዚያ ከቆመ በውስጡ ማየት አያስፈልግም። ፎቶ አንሺው አጠገቡ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሰዎቹን በዓይኑ ያያል፣ ያስቃቸዋል፣ የረጅሙን ሽቦ ቁልፍ ይጫናል። አያቴ እንዲህ ያነሳ ነበር፤ ሰብሳቢውም እንዲህ ያነሳሉ። ሰው ፎቶ ሲነሳ ዓይን ማየት አለበት ይላሉ። የአዲሱን ካሜራ ስክሪን፣ ልጆች ሊያዩት እየሮጡ ስለሚመጡ፣ በጥቁር ጨርቅ ሸፍነውታል። አሮጌው ካሜራ ከሦስት ሳምንት በፊት መዝጊያው እስኪሰበር ድረስ በዚህ አሠራር ማንም ጎድሎ አያውቅም።

አጀንዳ ሁለት

የቴክኒክ ኃላፊው ካርቶን ላይ ሁለት አራት ማዕዘን ሥለው መጥተዋል። ትልቁ የአሮጌው ካሜራ ፊልም ነው፣ ሠላሳ ስድስት ሚሊሜትር በሃያ አራት። ትንሹ የአዲሱ ካሜራ ሴንሰር ነው፣ ሃያ አራት በአሥራ ስድስት። ሌንሱ የሚጥለው ምስል ያው የድሮው እንደሆነ፣ ምስሉን የሚቀበለው ሳህን ግን እንዳነሰ፣ ከሳህኑ ውጭ የፈሰሰው ደግሞ የቲቸር አማችና እህት እንደሆኑ አስረዱ።

ምክትል ሰብሳቢዋ፣ «ባጭሩ ትንሽ ገዛህ» አሉ።

«ትንሽ አይደለም እቴቴ፣ መካከለኛ ነው። ከዚህ የሚያንስም አለ።»

«ከዚህ ቢያንስማ ቲቸር ብቻቸውን ይወጡ ነበር!»

ሰብሳቢው ሴንሰሩን ማስፋት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ታዛቢው ሐሳቡን ደግፈው፣ ልብስ ሲጠብ ጎኑ ላይ ታጥፎ የተሰፋ ትርፍ እንደማይጠፋና እሱ ተፈትቶ እንደሚለቀቅ፣ ካሜራው ውስጥም እንዲህ ያለ ትርፍ ካለ እሳቸው ጠባብ መቀስ እንዳላቸው ተናገሩ። የቴክኒክ ኃላፊው ትርፍ እንደሌለው ገለጹ። ታዛቢው፣ «ታዲያ ምን ዓይነት ስፌት ነው?» በማለት ቅር መሰኘታቸው ተመዝግቧል።

ምክትል ሰብሳቢዋ ይህ ካሜራ መስታወት የለውም የተባለው እውነት እንደሆነ ጠየቁ። የቴክኒክ ኃላፊው እውነት ነው አሉ። በአሮጌው ካሜራ ውስጥ በሌንሱና በፊልሙ መካከል መስታወት ነበረ። በአዲሱ እሱ ስለቀረ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ ተጠግቷል። ድሮ መስታወቱ ይዞት የነበረውን ርቀት የሚተካ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ካሜራው አፍ ላይ ሲገጠም የአባታቸው ሌንሶች ሁሉ ይሠራሉ። አንድ ችግር ብቻ እንዳለ አመኑ፦ ካሜራው እነዚህን ሌንሶች ስለማያውቃቸው እስካሁን ድረስ ሌንስ እንደሌለው ነው የሚያምነው።

«እኔም እንደሱ ነው የማምነው» አሉ ምክትል ሰብሳቢዋ።

ቲቸር፣ «ታዲያ ሌላ ሌንስ የላችሁም?» ብለው ጠየቁ። ቁምሳጥኑ ተከፈተ። ሦስት የቆርቆሮ ጣሳዎች ወጡ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የአያቴ ጽሕፈት አለ። አምሳው ላይ «ለሰው» ይላል። መቶ ሠላሳ አምስቱ ላይ «ለሩቅ» ይላል። ሃያ ስምንቱ ላይ «ለሕንፃ፤ ለሰው አይሆንም» ይላል። «አይሆንም» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል።

የቴክኒክ ኃላፊው ሃያ ስምንቱ ከአምሳው ይልቅ ሰፊ እንደሚያይ መናገር እንደጀመሩ ምክትል ሰብሳቢዋ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ንግግራቸው ቃል በቃል፦

«ያ ነገር ከጣሳው እንዳይወጣ! የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አባባ በሱ አንስቶን ዳር ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ራሴ እንደ ዱባ ተለጥጦ ወጣ። ዱባ! አንተ መሃል ስለነበርክ እንደ መልአክ ወጣህ። ያንን ፎቶ ዛሬም ድረስ የደበቅኩበትን ቦታ እኔና እግዜር ብቻ ነን የምናውቀው።»

ሰብሳቢው፣ «ከመደርደሪያው ጀርባ ነው» አሉ።

ለጥቂት ደቂቃ ሥርዓት ጠፍቶ ነበር።

ውሳኔ 2፦ አባታቸው ለሰው አይሆንም ብሎ የጻፈው ለሰው እንዳይሆን በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ክርክሩ ተዘጋ።

የጸሐፊ ማስታወሻ፦ መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው።

ጠዋት ጠዋት ስቱዲዮውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ካሜራው ከመጣ ጀምሮ፣ ሳላስፈቅድ፣ ከጠረግኩ በኋላ ግማሽ ሰዓት እነካዋለሁ። ጨርቁን ከስክሪኑ ላይ አነሳለሁ፣ አያለሁ፣ መልሼ እሸፍናለሁ። ትናንት ዓርብ ጠዋት የቲቸር ፎቶ ታትሞ አየሁትና አሳዘነኝ። ሃያ ስምንቱን ከጣሳው አውጥቼ በቀለበቱ ገጠምኩት። ካሜራውን የአያቴ ዱካ ላይ አቆምኩ። አግዳሚው አንድ ዳር ላይ መጥረጊያውን፣ መሃል ላይ ከልብስ ሰፊው የተዋስኩትን የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት አቆምኩ። ሌላው ዳር ባዶ ነበር። እማዬ ቁርስ ልትጠራኝ ስትገባ እዚያ አስቀመጥኳት። «ምንድን ነው?» አለች። «ምንም» አልኳት። አነሳሁ።

አግዳሚው ከዳር እስከ ዳር ገባ፣ ከዳሩም ወዲያ ቦታ ተረፈ። መጥረጊያው ቀጥ እንዳለ ነው። የእማዬ ፊት የእማዬ ፊት ነው።

እስከ ምሳ ድረስ ሳስበው ቆየሁ። ያ ሌንስ የሚለጥጠው ከምስሉ ዳርና ዳር ላይ ያለውን ነው፤ ትንሹ ሴንሰር ደግሞ ዳርና ዳሩን አይቀበልም፣ መሃሉን ብቻ ነው የሚወስደው። ሐሙስ ዕለት በአምሳው የበደለን ነገር በሃያ ስምንቱ ይጠቅመናል ማለት ነው። አያቴ በጊዜው ልክ ነበረ። አክስቴም እውነቷን ነው። የተለወጠው ሳህኑ ነው።

ይህን ሁሉ በልቤ ደርድሬ፣ እጄን እስከ ደረቴ ድረስ አነሳሁ። አጎቴ «ቀለም አለቀብሽ?» አለኝ። «አላለቀም» ብዬ አወረድኩት።

ፈራሁ። ሳላስፈቅድ እንደነካሁ ይታወቃል። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። አባዬ ቲቸር ፊት አንድ ጊዜ አፍሯል። አባቱ ጣሳ ላይ የጻፈውን ትናንት ያደገች ልጁ ስትሽርበት እዚያው ሁለተኛ እንዲያፍር አልፈለግኩም። እሱን ሳስብ ክርክሩ ተዘጋ።

አጀንዳ ሦስት

ነገ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት አሥራ አራቱም ሰዎች ስለሚመጡ፣ በአምሳው እንዴት እንደሚያዙ የመፍትሔ ሐሳቦች ተጠየቁ።

(ሀ) ሰብሳቢው፣ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት አምስት ሰዎች በጎናቸው ቢቀመጡ ቦታ እንደሚተርፍ ሐሳብ አቀረቡ። ሙከራ ተደረገ። ሰብሳቢው፣ ምክትላቸው፣ የቴክኒክ ኃላፊውና ታዛቢው በጎናቸው ተቀመጡ፤ ቲቸር በሜትር ለኩ። የቴክኒክ ኃላፊው በጎናቸው ሲሆኑ ከፊታቸው ይልቅ ስድስት ሳንቲ ሜትር ሰፍተው ተገኙ። ምክትል ሰብሳቢዋ፣ «አየህ ሚሊሜትር፣ አንተ በሳንቲም ነው የምትለካው» አሉ። ሐሳቡ ወደቀ።

(ለ) የቴክኒክ ኃላፊው፣ በሁለት ፎቶ አንስቶ መሃሉ ላይ መገጣጠም እንደሚቻል አቀረቡ። ቲቸር መሃል ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ራሳቸው መሆናቸው ተነገራቸው። «እኔን ለሁለት ከፍለህ?» አሉ። ክፍልፋይ ማስተማራቸውን እንዲያስታውሱ ተደርጎ ሐሳቡ ወደቀ።

(ሐ) ምክትል ሰብሳቢዋ፣ ከአሥራ አራቱ ውስጥ ሁለት ሰው ቢቀነስ ችግሩ በሙሉ እንደሚፈታ ገልጸው፣ ቲቸር ራሳቸው ሁለት ስም እንዲጠቁሙ ጠየቁ። ቲቸር ለማሰብ ጊዜ ሳይወስዱ አምስት ጠቆሙ። ከዚያ ሁለቱን በሕፃንነታቸው፣ አንዷን በእርግዝናዋ መልሰው አስገቡ። አማቻቸው ተመልሰው አልገቡም። በመጨረሻ ግን፣ «ልጄ ታለቅሳለች፣ እሱም ይግባ» ብለው ዝርዝሩን በሙሉ ሰረዙ።

ቲቸር ከዚህ በኋላ ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ። በር ላይ ደርሰው ዞሩና ሰብሳቢውን በቀስታ እንዲህ አሏቸው፦

«ልጄ፣ እኔ የሠርጌን ፎቶ የተነሳሁት እዚህ ነው፣ አባትህ ነው ያነሳኝ። ሌላ ቤት መሄድ አቅቶኝ አይደለም። ነገ አራት ሰዓት አሥራ አራታችንም እንመጣለን። ሙሉ ሰው ነን፣ ሙሉ አድርገህ አንሳን።»

ሰብሳቢው «እሺ ቲቸር» አሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ፎቶውን አንስተው የቲቸርን እህት ቦርሳ በጣታቸው ነኩ። ለዚህ የተያዘ አጀንዳ ስለሌለ ምንም አልተመዘገበም።

(መ) የቴክኒክ ኃላፊው በካርቶኑ ጀርባ ላይ አስልተው፣ አምሳው በትንሹ ሴንሰር አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር እንዲይዝ ካሜራው ከአራት ሜትር ወደ ስድስት ሜትር መራቅ እንዳለበት አረጋገጡ። ከዱካዎቹ በስተጀርባ ያለው ቦታ ግማሽ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ የታዛቢው ሱቅ ነው። ስለዚህ ግድግዳው በዓይን ከፍታ ላይ ሰባ ሳንቲ ሜትር በሃምሳ ቢበሳና ካሜራው በልብስ ስፌቱ ቤት ውስጥ ቢቆም ችግሩ እንደሚፈታ አቀረቡ።

ታዛቢው በመርህ ደረጃ እንደማይቃወሙ፣ ነገር ግን ደንበኞቻቸው ሱሪ ሲለኩ አሥራ አራት ሰው በቀዳዳው እንዳያያቸው መጋረጃ እንደሚያስፈልግ፣ መጋረጃውን ራሳቸው እንደሚሰፉት፣ ቀለሙ ግን አሁኑኑ መወሰን እንዳለበት ገለጹ። በቀለሙ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ውይይት ተደረገ። ምክትል ሰብሳቢዋ አረንጓዴ፣ ታዛቢው ቡኒ አሉ። ቡኒ ጨርቅ ተርፏቸው እንደሆነ ተጠይቀው፣ እንደተረፋቸው አምነዋል።

ሰብሳቢው አንድ ተቃውሞ ብቻ አቀረቡ። ካሜራው የትም ቢሄድ ፎቶ አንሺው ከአባታቸው ዱካ አይነቃነቅም። «እኔ እዚህ ካልቆምኩ ሰው አይስቅልኝም» አሉ።

የቴክኒክ ኃላፊው፣ ሽቦው ረጅም ስለሆነ ሰብሳቢው ዱካው ላይ፣ ካሜራው ልብስ ስፌቱ ውስጥ ሆኖ ማንሳት እንደሚቻል አረጋገጡ። በውስጡ የሚያይ ስለሌለ የሚጓደል ነገር የለም ተባለ። ምክትል ሰብሳቢዋ ግን ዱካዎቹ በካሜራውና በአግዳሚው መካከል ስለሚሆኑ፣ በፎቶው ላይ አሥራ አራቱ ሰዎች የሰብሳቢውን ጀርባ ከበው እንደሚወጡ አስተዋሉ።

ውሳኔ 3፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ግድግዳው እንዲበሳ፣ መጋረጃው ቡኒ እንዲሆን፣ ሰብሳቢውም ቁልፉን ሲጫኑ ጎንበስ እንዲሉ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ አራት፣ ልዩ ልዩ

ምክትል ሰብሳቢዋ፣ ነገ በቀዳዳው ቲቸር ከተነሱ በኋላ ካሜራው ሰኞ ለገዛንበት ሱቅ እንዲመለስ ጠየቁ። ሱቁ እስከ ሰኞ ድረስ ይቀበላል። የቴክኒክ ኃላፊው፣ «ታዲያ ማክሰኞ በምን ልታነሱ ነው?» አሉ። «በእጃችን ሥለን!» ተባሉ።

ውሳኔ 4፦ ካሜራው እንዲመለስ በሁለት ለአንድ ተወሰነ።

ካሜራው ከሄደ ጠዋት ጠዋት የምነካው ነገር አይኖርም። እስከ ዛሬ ማንም ሳይጠይቀኝ የገባኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።

የስብሰባው መዘጋት

ውሳኔ 3ን ለነገ ለማድረስ ሥራው ወዲያው እንዲጀመር ስለተስማሙ የቴክኒክ ኃላፊው ግድግዳው ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን ሣሉ። ታዛቢው ማሽናቸውን ከአቧራ ሊሸፍኑ ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ሰብሳቢው መዶሻና መሮ ይዘው ዱካዎቹ ላይ ቆመው ሳለ እማዬ በሩን ከፈተች።

እማዬ አባል ስላልሆነች ንግግሯ በቃለ ጉባኤው መግባት የለበትም። ሁሉም ሰው ግን ሰምቷል፦

«በመዶሻ ፎቶ ማንሳት የተጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ከግድግዳው ወዲያ፣ «ልጀምር ወይ?» የሚል የታዛቢው ድምፅ ተሰማ።

«ያ ግድግዳ ጣራውን ነው ተሸክሞ ያለው። ጣራው ላይ ውኃ ጋኑ አለ። ሙሉ ነው፣ ጠዋት ነው የሞላሁት» አለች እማዬ።

ሰብሳቢው መዶሻውን ፍላሽ ሳጥኑ ላይ አስቀመጡ። የቴክኒክ ኃላፊው ጠመኔውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ውሳኔ 5፦ ከአጭር ውይይት በኋላ፣ ዛሬ ከ1 እስከ 4 የተወሰኑት ሁሉ እንዳልተወሰኑ እንዲቆጠሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ምክትል ሰብሳቢዋ መቁረጫው ተመልሶ ተጠርጣሪ እንደሚሆን ከገባቸው በኋላ ሊቃወሙ ሞክረዋል፤ ዘግይቷል። በዚህም መሠረት ግድግዳው ይቆማል፣ መጋረጃ የለም፣ ካሜራው ሰኞ አይመለስም፣ በሃያ ስምንቱ ላይ የተዘጋው ክርክርም እንዳልተዘጋ ይቆጠራል። ይህን የመጨረሻውን ያስተዋለ ሰው አላየሁም። እኔ ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

እማዬ ስትወጣ ወደ እኔ አየች። ትናንት ያስቀመጥኳትን ዳር አየች፣ መልሳ እኔን አየች። እኔ ደብተሬን አየሁ።

አባዬ ሁሉም ከወጡ በኋላ፣ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቲቸር ቤት ሄጄ አትምጡ እላቸዋለሁ። በእግሬ ሄጄ ብነግራቸው ይሻላል» አለኝ። ይህን ለጸሐፊ ነው የተናገረው ወይስ ለልጁ፣ አላወቅኩም። ስብሰባው ከቀኑ 10፡50 ተዘጋ።

በቤታችን ደንብ ቃለ ጉባኤ በማግስቱ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት፣ ስቱዲዮው ከመከፈቱ በፊት፣ ጸሐፊዋ ቆማ ታነበዋለች፤ አባላቱ ሰምተው ይፈርማሉ። ሲነበብ ማቋረጥ ክልክል ነው። ደንቡን ያወጣችው አክስቴ ናት፤ አጎቴ የራሱን ንግግር በሰማ ቁጥር እየተነሳ ስለሚያርም ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ሲናገር የማይቋረጥ ሰው ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። ይህን እስከ ዛሬ አስቤበት አላውቅም ነበር።

የጸሐፊ ማስታወሻ ያለበትን ገጽ ቀድጄ ማውጣት እችላለሁ። ደብተሩ በስፒል የተያዘ ስለሆነ አይታወቅም።

አልቀድደውም። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ቀድሜ እገባለሁ፤ ቀለበቱንና ሃያ ስምንቱን ገጥሜ ካሜራውን በቦታው አቆማለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ይህን ሁሉ አነባለሁ፤ አክስቴ የተናደደችበት ቦታ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አላደርግም፣ አባዬ ያፈረበት ቦታ ስደርስ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ከዚያ አክስቴን፣ «እባክሽ፣ አንድ ጊዜ ዳር ላይ ተቀመጪልኝ» እላታለሁ፤ አባዬን ደግሞ ቲቸር ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ በካሜራው ውስጥ እንዲያይ እለምነዋለሁ። አንብቤ ስጨርስ አልቀመጥም። ቆሜ የሚሉኝን እሰማለሁ።